የጎልፍ መምቻ ዝገት

የጎልፍ መምቻ ዝገት የመምቻው ብረት ከኦክስጅንና ከእርጥበት ጋር ሲዋሐድ የሚፈጠር ቀይ ቡናማ ውህድ ነው።

ተጋላጭነት፦ ከካርቦን ብረት ተቀጥቅጠው የሚሠሩ መምቻዎች አብዛኛውን ጊዜ በኒኬልና በክሮም ይለበጣሉ፤ ልባጡ ከተጫረ ወይም ከተላጠ ዝገቱ ከዚያው ይጀምራል። ሳይለበጡ የሚሸጡ ዌጅ የተባሉ መምቻዎች ፈጥነው ይዝጋሉ። ታይታኒየም ግን አይዝግም።

መከላከያ፦ ከጨዋታ በኋላ ጭቃውንና ሣሩን አጥቦ በደረቅ ጨርቅ መወልወል፣ እርጥብ ሽፋን አለማልበስ፣ ቦርሳውን ከፍቶ ማናፈስ። ያልተለበጠ ብረት ስስ ዘይት ይቀባል።

ማስለቀቂያ፦ የመምቻው ራስ ብቻ በነጭ ኮምጣጤ ይዘፈዘፋል፤ በፊቱ ላይ ባሉት ቀጫጭን ቦዮች የተሸጎጠው ዝገት በጥርስ ብሩሽ ይፈገፈጋል። ከዚያ አሲዱ ብረቱን እንዳይበላ በቤኪንግ ሶዳ ውሃ አለቅልቆ ወዲያው ማድረቅ ያስፈልጋል። ሻካራ የሽቦ ብሩሽ ልባጡን ስለሚጭር አይመከርም።