የጀብራ ቤቶችና የሐበሻ እጆች

የከተማ ታሪክ በሚጻፍበት ጊዜ አስቀድመው የሚነሡት ቤተ መንግሥቱ፣ ድልድዩ፣ የጦር ሠፈሩና ገበያው ናቸው። ግድግዳውን የመረገው፣ ወለሉን የጠረገው፣ ውሃውን የቀዳውና ልብሱን የተኮሰው ማን እንደ ነበር የሚጠይቅ ጸሐፊ ግን ብዙ አይደለም። ነገሩ ሲታሰብ ቤት አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚያልቅ ነገር ሳይሆን በየዕለቱ እንደገና የሚሠራ ነው። መጥረጊያ ያልነካው ቤት ከጥቂት ሳምንት በኋላ ሰው የሚኖርበት አይመስልም፤ ጭቃው ያልታደሰ ግድግዳም ብዙ ክረምት አይሻገርም።

ካርቱም ይህን እውነት አጉልተው ከሚያሳዩ ከተሞች አንዷ ናት። «ሀቡብ» የሚባለው የአቧራ ማዕበል ከሰማይ ጠርዝ እንደ ግድግዳ ተነሥቶ ከተማዋን ሲያለብሳት ቀኑ ይጨልማል። በእንግሊዞች አስተዳደር ዘመን እ.ኤ.አ. በ1925 የታተመ የአየር ጠባይ ጥናት በካርቱም በአማካይ በዓመት 24 ያህል ሀቡብ እንደሚነሣ መዝግቧል። መስኮት ቢዘጋ፣ መጋረጃ ቢጋረድ አቧራው መግቢያ አያጣም። ማዕበሉ ባለፈ ቁጥር ምንጣፉ ይራገፋል፣ አልጋው ይወለወላል፣ ግቢው ይጠረጋል፣ ውሃ ይረጫል። በብዙ የከተማዋ ቤቶች ይህን ሥራ ስትሠራ የኖረችው ሐበሻዊት ሴት ናት።

በደቡባዊ ካርቱም ከሰሃፋና ከሸጀራ ሠፈሮች ጋር የምትጎራበተው ጀብራ ለዚህ ታሪክ ጥሩ ምሳሌ ትሆናለች። ጀብራ በቁጥር በሚጠሩ «መረባ»ዎች፣ በእኛ አነጋገር ብሎኮች፣ የተከፋፈለች የመኖሪያ ሠፈር ናት። ቤተ መንግሥትም ሐውልትም የለባትም፤ ታሪኳ በግቢዎቿ አጥር ውስጥ ያለ ነው።

የጭቃው ሞያ

የካርቱም አሮጌ ቤት «ጃሉስ» ይባላል። ጭቃው በውሃ ቦክቶ በእጅ እየተድበለበለ ረድፍ በረድፍ ይደረደራል፤ የታችኛው ሲደርቅ የላይኛው ይከተላል። ግድግዳው ወፍራም በመሆኑ የቀኑን ሐሩር ያዘገየዋል። ጠላቱ ዝናብ ነው። ስለዚህ ክረምቱ ከመግባቱ በፊት የከብት እበት፣ ሸክላ አፈርና ጭድ ተደባልቆ፣ ለቀናት ታምቆ እንዲብላላ ከተደረገ በኋላ ግድግዳውና ጣሪያው በእርሱ ይለሰናል። ሱዳናውያን ይህን ልስን «ዚባላ» ይሉታል። ጣሪያው ጠፍጣፋ በመሆኑ የዝናቡ ውሃ ከግድግዳው ርቆ እንዲወርድ «ሰበሎቃ» የሚባል አሸንዳ ይወጣለታል።

ከጎንደር ወይም ከወሎ ለሄደ ሰው ይህ እንግዳ ሞያ አይደለም። በአገር ቤትም ጭቃ ከጭድ ጋር ተረግጦ ይቦካል፤ ግድግዳ ይመረጋል፤ ወለልም በእበት ይለቀለቃል። ልዩነቱ በአገራችን የጭቃ ቤት ጭቃው የሚያርፈው በቋሚና በማገር ላይ፣ ጣሪያውም ሹል ሆኖ የሣር ወይም የቆርቆሮ ክዳን ያለው መሆኑ ነው። የጃሉሱ ግድግዳ ግን ራሱ ምሰሶ ነው፤ እርሱ ከራሰ የሚደግፈው የለም። ዋጋውም በጎርፍ ጊዜ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1988 መጀመሪያ ላይ ወደ 200 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ በአንድ ቀንና ሌሊት ወረደ፤ ይህም ከተማዋ ዓመቱን ሙሉ ከምታገኘው አማካይ መጠን የሚበልጥ ነበር። የጭቃ ቤቶች እንደ ስኳር ሟሙ፤ መጠለያ ያጣው ሕዝብ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2020 ደግሞ ዓባይ በካርቱም ከ17 ሜትር ተኩል በላይ ከፍ ብሎ የ1946ቱንና የ1988ቱን መጠን አለፈ፤ በመላው አገሪቱ ለሦስት ወራት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ።

እንዲህ ያለው መከራ፣ አቅምም ሲገኝ፣ ባለቤቶችን ወደ ቀይ ጡብና ሲሚንቶ መራቸው። ጡቡ በዓባይ ዳርቻ ካሉ ምድጃዎች ይመጣ ነበር። ሱዳን እ.ኤ.አ. በ1999 ነዳጅ ወደ ውጭ መላክ ከጀመረች በኋላ ግንባታው ተፋጠነ፤ በባለ አንድ ፎቅ ቤቶች ላይ ሁለተኛና ሦስተኛ ፎቅ ተጨመረ፤ ወለሉ በሴራሚክ ተነጠፈ። ቤቱ ሲሰፋ ግን የሚጠረገውም ሰፋ። ጭቃ በዓመት አንዴ ይለሰን ነበር፤ ሴራሚክ በየቀኑ መወልወል ይሻል። የነዳጁ ዘመን ለቤት ሠራተኛ ያለውን ፍላጎት ያሳደገበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ሥራው ከየት መጣ?

ሐበሻ በካርቱም ቤት ውስጥ መሥራት የጀመረው በነዳጁ ዘመን አይደለም። ካርቱም በ19ኛው ክፍለ ዘመን በቱርክና ግብፅ አገዛዝ ሥር ስታድግ፣ በመተማና በቃላባት ገበያ በኩል ከኢትዮጵያ ምድር ተሸጠው የሄዱ ሴቶችና ልጆች በከተማዋ ቤቶች ያገለግሉ ነበር። እህል የሚፈጨው፣ ውሃ የሚቀዳው፣ ልጅ የሚያሳድገው በእነርሱ ጉልበት ነበር። ሱዳናዊው የታሪክ ምሁር አህመድ ሲካይንጋ እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተሙት ጥናት እንዳሳዩት፣ በእንግሊዝና ግብፅ የጋራ አስተዳደር ዘመን ከባርነት የወጡ ሰዎች በካርቱም «ዴም» በሚባሉት የሠራተኛ ሠፈሮች ተሰባስበው በደመወዝ ማገልገል ያዙ። የቀድሞዎቹ ዴሞች ነዋሪዎች ከ1949 ጀምሮ ወደ ደቡብ ወደ አዲሱ ዴም ተዛወሩ። ያ ሠፈር ውሎ አድሮ በካርቱም የኢትዮጵያውያንና የኤርትራውያን ዋነኛ መናኸሪያ ሆነ።

ቀጣዩ ማዕበል የስደተኞች ነበር። ከ1967 ዓ.ም. በኋላ ወታደራዊው መንግሥት ሥልጣን ሲይዝ፣ በተለይም በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ቀይ ሽብር ሲፋፋም፣ ከጎንደር፣ ከሑመራና ከመተማ ብዙ ሰው ድንበር ተሻገረ። የ1977 ዓ.ም. ረኃብ ደግሞ ሌላ ሕዝብ አስከተለ። ተማሪ የነበረችው፣ አስተማሪ የነበረችው፣ በእናቷ ቤት ሠራተኛ የነበራት ሳትቀር ካርቱም ስትደርስ የምታገኘው ሥራ አንድ ዓይነት ነበር፦ የሰው ቤት መጥረግ። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን ከ1991 በፊት ለተሰደዱ ኢትዮጵያውያን ይሰጥ የነበረው የስደተኛነት መብት እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 1 ቀን 2000 ጀምሮ እንዲያበቃ ሲያደርግ፣ የቀሩት መኖሪያ ፈቃድ፣ በእነርሱ አፍ «ኢቃማ»፣ ፈላጊ ሆኑ። ከዚያ ወዲህ የመጡትን ያመጣቸው በአመዛኙ ሥራ ፍለጋ ነው።

የሁለት ቤት ጠባቂ

በጀብራ የምትሠራ ኢትዮጵያዊት የሁለት ቤት ጠባቂ ነበረች፤ አንዱ የአሠሪዋ፣ ሌላው ከጓደኞቿ ጋር ተጋርታ የተከራየችው ክፍል። በመጀመሪያው ቤት የማታውቃቸውን ዕቃዎች ከነስማቸው ተማረች። ግቢው «ሖሽ»፣ በገመድ የተጠላለፈው የእንጨት አልጋ «አንገረብ»፣ ውሃ የሚያቀዘቅዘው የሸክላ ጋን «ዚር»፣ ዳሱ «ራኩባ» ይባላል። በጋው ሲገባ በውሃ የሚሠራው ማቀዝቀዣ፣ «ሙከይፍ»፣ ይከፈታል፤ ጭዱ በአቧራና በጨው ደርቆ ስለሚጠነክር ወጥቶ በአዲስ ይተካል። ነጩ ጀለቢያና ከ4 ሜትር በላይ የሚረዝመው የሴቶቹ ቶብ ይታጠባሉ፣ ይተኮሳሉ። ኪስራው በጋለ ምጣድ ላይ በስሱ ይጋገራል። እነዚህ ቃላት በካርቱም አማርኛ ገብተው ቀሩ፤ ከስደት የተመለሰ ሰው ዛሬም ማቀዝቀዣን «ሙከይፍ»፣ ገንዘብን «ጊኒ» ሲል ይሰማል።

ሁለተኛው ቤት የሚታሰበው ዓርብ ነው። በሱዳን የሳምንቱ ዕረፍት ዓርብ በመሆኑ በአገር ቤት ለእሑድ የሚቀመጠው ሁሉ ወደዚያ ቀን ዞረ። ልብስ ይታጠባል፣ ጠጉር ይሠራል፣ እንጀራ ይጋገራል። ጤፍ በድንበር በኩል የሚመጣና ውድ ስለ ነበር በማሽላ ዱቄት፣ በተለይም «ፈተሪታ» በሚባለው ዓይነት፣ ይደባለቅ ነበር። በግንቦት ከ40 ዲግሪ በላይ በሚደርስ ሙቀት ምጣድ አጠገብ መቆም ምን እንደሚመስል መግለጽ አያስፈልግም። የመረዌ ግድብ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2009 ተመርቆ የመብራት አቅርቦት ሲጨምር ግን የኤሌክትሪክ ምጣድ ለገዙት የሥራው ሸክም ቀለለ። ከዚያ ቡናው ይፈላል፤ «ጀበና» የሚለው ስም በሁለቱም አገር አንድ ነው፣ ሱዳናውያኑ ዝንጅብል ማብዛታቸው ብቻ ይለያል። ዕጣኑም እንግዳ አይደለም፤ ዛፉ በመተማና በሑመራ በረሃ እንደሚበቅል ሁሉ በሱዳንም በኩል ይበቅላል።

አንድ የጓዳ ሞያ ግን ወንጀል ሆነ። በአገር ቤት ጠላ መጥመቅና አረቄ ማውጣት የቤት እመቤትነት መለኪያ ነው። ሱዳን እ.ኤ.አ. በመስከረም 1983 የሸሪዓ ሕግ ካወጀች በኋላ ግን ያው ጋን ለግርፋት፣ ለቅጣትና ለእስር የሚዳርግ ማስረጃ ሆነ። በ1996 የወጣው የካርቱም የሕዝብ ሥርዐት ሕግም ሴቶች በመንገድ ላይ ሻይ መሸጥን ጨምሮ ብዙ ነገር በፖሊስ ፈቃድ ላይ ጣለ። የሕዝብ ሥርዐት ሕጉ የተሻረው ከኦማር አልበሽር መውደቅ በኋላ፣ በኅዳር 2019 ነው።

ሕግ በሚከሥበት ስፍራ ሁሉ የሚጠብቅ አልነበረም። ሱዳን እ.ኤ.አ. በ1955 ያወጣችው የቤት አገልጋዮች ሕግ ነበራት፤ የ1997ቱ የሠራተኛ ሕግ ግን የቤት ሠራተኞችን ከጥበቃው ውጭ አደረጋቸው። በዚህ ሱዳንን ብቻ መውቀስ አይገባም። በኢትዮጵያም የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 377/1996ም ሆነ እርሱን የተካው አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የቤት ውስጥ አገልግሎትን ከአዋጁ ተፈጻሚነት ውጭ ትተውታል። ከጎንደር ወደ ጀብራ የሄደችው ሴት ድንበር ተሻገረች እንጂ ከዚህ የሕግ ክፍተት አልወጣችም።

በጀብራ የተጠረገ፣ በጎንደር የተሠራ

በጀብራ ያለው የኪራይ ክፍል የማይታደስ ነበር። ሁሉም «ለጊዜው ነው» ስለሚል ቀለም የሚቀባ፣ መደርደሪያ የሚያሠራ ጥቂት ነው። የሚገዛው ተጠቅልሎ የሚሄድ ነገር ነበር፦ ምጣድ፣ ጀበና፣ መጋረጃ፣ ብርድ ልብስ፣ ሻንጣ። ለጊዜው የተባለው ግን ለብዙዎች 10 እና 20 ዓመት ሆነ። እውነተኛው የቤት እድሳት ይካሄድ የነበረው በአገር ቤት ነው። ከካርቱም በሐዋላ በተላከ ገንዘብ የእናት ቤት ሣር ክዳን በቆርቆሮ ተተካ፣ ወለሉ ሲሚንቶ ሆነ፣ ለታናናሾች ክፍል ተጨመረ። የካርቱምን ሴራሚክ የወለወለው እጅ የጎንደርን ቤት ክዳን አለበሰ።

ይህ መንገድ በጊኒው ዋጋ ላይ የተንጠለጠለ ነበር። ደቡብ ሱዳን በሐምሌ 2011 ስትገነጠል አብዛኛው የነዳጅ ጉድጓድ አብሯት ሄደ፤ ጊኒውም ማሽቆልቆል ጀመረ። በየካቲት 2021 መንግሥት የአንድ ዶላርን ሕጋዊ ምንዛሪ ከ55 ወደ 375 ጊኒ ከፍ አደረገው። ደመወዟን በጊኒ የምትቀበል ሠራተኛ የምትሠራው ያው፣ የምትጠርገው ያው ሆኖ ሳለ ወደ አገር ቤት የምትልከው ግን የቆርቆሮ ሳይሆን የምስማር ዋጋ ወደ መሆን ተጠጋ።

ቤቶቹ ባዶ ሲሆኑ

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦር ሠራዊትና በፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ መካከል ጦርነት ፈነዳ። በባሕሪ የሚገኘው ትልቁ የውሃ ማጣሪያ ወዲያውኑ ሥራ አቆመ፤ በቧንቧ የኖረ ሠፈር ወደ ገንቦና ወደ ጉድጓድ ተመለሰ። ጀብራ በሸጀራ ከሚገኘው የብረት ለበስ ጦር ሠፈር አጠገብ በመሆኗ መከራው ከባድ ሆነባት፤ በነሐሴ 2023 ለዚያ የጦር ሠፈር የተደረገው ውጊያ በዙሪያው ያሉትን ነዋሪዎች አፈናቀለ። ቤቶች ተዘረፉ፤ በሮችና መስኮቶች፣ የኤሌክትሪክ ሽቦዎች ሳይቀሩ ተነቀሉ። ባለቤቶቹ ወደ ግብፅ፣ ወደ ፖርት ሱዳንና ወደ ሌሎች ግዛቶች ሲሸሹ ብዙ ኢትዮጵያውያን በገዳሪፍና በቃላባት አድርገው ወደ መተማ ተመለሱ። አብረዋቸው የተሻገሩ ሱዳናውያንም በምዕራብ ጎንደር በኩመርና በአውላላ መጠለያ ጣቢያዎች በፕላስቲክ ሸራ ሥር ኖሩ። ትናንት በሰው አገር ቤት ተከራይተው የነበሩት ወደ አገራቸው ሲገቡ፣ ትናንት ባለቤት የነበሩት ስደተኛ ሆኑ።

ጦሩ ካርቱምን በመጋቢት 2017 ዓ.ም. መልሶ ከያዘ በኋላ ከነዋሪዎቹ አንዳንዶቹ መመለስ ጀምረዋል። የመጀመሪያው ሥራቸው ፍርስራሽ መጥረግ፣ በር መግጠም፣ ውሃ መፈለግ ሆኗል። በሌላው ወገን ደግሞ በመተማና በጎንደር መንደሮች በካርቱም ደመወዝ የተሠሩ ቤቶች ቆመዋል፤ ለሠራቻቸው ሴት ግን ሥራም ጡረታም አልተከተላቸውም። የሁለቱን አገሮች ግንኙነት የሚጽፍ የታሪክ ሰው የመተማን ጦርነትና የዓባይን ውል እንደሚያነሣ ሁሉ፣ እነዚህን ቆርቆሮዎችም ቆጥሮ ከየት እንደ መጡ ሊጠይቅ ይገባዋል። መልሱን የሚሰጡት ሴቶች ዛሬም በሕይወት አሉ።