የቤት ቁጥር፦ አዲስ

ጉለሌን በሐምሌ ለማያውቅ ሰው አስቀድሜ ብርዱን ልንገረው፤ የዚህ ታሪክ ጣጣ ሁሉ ከብርዱ ነው የተወለደው። እንጦጦ ጭጋጉን ተከናንቦ ይውላል። ሽሮ ሜዳ ላይ ነጋዴዎቹ ደጃፍ የሰቀሉትን የሐበሻ ቀሚስ በላስቲክ ይሸፍናሉ፤ ጎርፉ ከተራራው ተንደርድሮ አስፋልቱን እያጠበ ወደ ስድስት ኪሎ ይወርዳል። እንዲህ ባለ ጠዋት፣ ከሽሮ ሜዳ ዝቅ ብሎ፣ ስሙን በማልጠራው አንድ ቢሮ ውስጥ ፕሪንተሩ አላትምም አለ።

እንዴት አወቅህ አትሉኝም? ባለጉዳይ ነበርኩ። እኔና አንድ ሸማኔ ሽማግሌ ግድግዳው ሥር ከተደረደሩት ወንበሮች ላይ ተቀምጠናል። እሳቸው የመጡት ባዛር ላይ ቦታ ለመጠየቅ የሚሆን የድጋፍ ደብዳቤ ሊወስዱ ነው። ደብዳቤው ተጽፎ አልቋል፤ ኃላፊው አይተውታል፤ ማህተሙና ቲተሩ ጠረጴዛው ላይ ወጥተው ይጠብቃሉ። የቀረው ወረቀት ላይ መውጣት ብቻ ነው። ጸሐፊዋ ፕሪንት የሚለውን ተጫነች፤ ዝም። ደግማ ተጫነች፤ ዝም። ከጎኗ ያለውም ከራሱ ኮምፒውተር ሞከረ፤ ዝም። ከማሳያው ጥግ ላይ «ኦፍላይን» የምትል ቃል ብቅ ብላ ቀረች። እናንተ ግን እነዚያን የተጫኑ ትእዛዞች እንዳትረሷቸው፤ አንዳቸውም የትም አልሄዱም።

መቼም በአዲስ አበባ ቢሮ አንድ ዕቃ እምቢ ሲል ሐኪም አይጠፋም። አንዱ «ቶነሩ ነው» ብሎ ካርትሪጁን መዝዞ አወጣና ግራና ቀኝ ነቅንቆ መለሰው፤ ጣቱ ጠቁሮ ቀረ እንጂ የመጣ ለውጥ የለም። ሌላዋ «ቫይረስ ገብቶበት ይሆናል» አለች። ሒሳብ ሠራተኛዋ አጥፍታ አበራችው። ፕሪንተሩም ጉርርር ብሎ ሮለሩን አሽከረከረና አረንጓዴ መብራቱን አብርቶ ፍጹም ጤነኛ መሆኑን ለሁላችንም አሳየ። ይሄኔ የመዝገብ ቤቱ አዛውንት፣ ጋሼ ነው የሚሏቸው፣ ካፖርታቸውን እንደለበሱ የሻይ ብርጭቋቸውን በሁለት እጃቸው አቅፈው፣ «ማታ መብራት ሄዶ ነበር፤ ሲመለስ አቃጥሎት እንዳይሆን» አሉ። ቆየት ብለው ደግሞ፣ «በእጅ ጽፋችሁ ማህተም ምቱበት። ድሮ በምን ነበር የሚጻፈው?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። በምኒልክ ዘመን አንድሬያስ ካቫዲያስ የተባለ የግሪክ ነጋዴ የጀመረው አእምሮ ጋዜጣ፣ ማባዣ መሣሪያ እስኪገኝለት ድረስ፣ በየሳምንቱ 24 ቅጂ በእጅ እየተገለበጠ ነበር የሚወጣው። መኳንንቱ በዚያ ወሬያቸውን አንብበዋል። ዛሬ ግን ሽማግሌው በእጅ የተጻፈ ደብዳቤ ይዘው ቢሄዱ ተቀባዩ ቢሮ ገና ከበር ይመልሳቸዋል። ጸሐፊዋም «ኧረ ጋሼ፣ ማን ይቀበለናል?» ብላ ስልኳን አነሳች።

የተደወለለት ልጅ ፒያሳ አካባቢ ኮምፒውተር ጠጋኝ ነው። ድምፁን ከፍ አድርጋው ስለነበር ሁላችንም ሰማን።

«እትዬ፣ ኢንተርኔት ይሠራል?»

«ይሠራል፤ ቴሌግራም እየገባልኝ ነው።»

«የፕሪንተሩ ቁጥር ስንት ነበር?»

ፕሪንተሩ ግንባሩ ላይ በፕላስተር የተለጠፈች ብጣሽ ወረቀት አለችው። በእስክሪብቶ 192.168.1.7 ተብሎ ተጽፎባታል። አነበበችለት።

«ጥቁሩን መስኮት ይክፈቱና ፒንግ ብለው ያንን ቁጥር ይጻፉልኝ።»

ጻፈች። አራት መስመር መልስ ተከታትሎ ወረደ። «መለሰ! አራቱንም መለሰ!»

«እንግዲያው መስመሩ ሰላም ነው፤ የታመመው ማሽኑ ራሱ ነው። መጣሁ።»

እዚህ ላይ ቆም ልበል። ፒንግ አንድን ቁጥር «አለህ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ነው። «አለሁ» የሚል ከተገኘ እዚያ ቁጥር ላይ የሆነ ነገር አለ ማለት ነው። ያ የሆነ ነገር ፕሪንተር ይሁን ሌላ፣ ፒንግ አይጠይቅም፤ መላሹም አይናገርም። ልጁ ይህን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። ዝናብ በሚጥልበት ቀን በስልክ ሲጠየቁ ግን «ሰላም ነው» የሚለው መልስ ይጣፍጣል።

ይምጣ ቢባልም በቀላሉ አልመጣም፤ አድራሻ ጠየቀ። በደብዳቤው ራስጌ ላይ ክፍለ ከተማው አለ፤ ወረዳው አለ፤ ቀጥሎ «የቤት ቁጥር፦ አዲስ» ይላል። አዲስ አበቤ ይሄን መታወቂያው ላይ ሳያየው አይቀርም። ቀበሌዎቹ ተዋህደው፣ ኋላም ወረዳ ተብለው ቁጥር ሲቀያየር፣ ስንቱ ቤት የድሮውን ጥሎ ሌላ ሳያገኝ «አዲስ» ተብሎ ቀረ። ስለዚህ ጸሐፊዋ እንደ ማንኛውም የሰፈር ሰው መራችው፤ ከስድስት ኪሎ የሽሮ ሜዳ ታክሲ ያዝ፣ የአሜሪካን ኤምባሲ አለፍ ስትል «ወራጅ» በል፣ ከዚያ ቆርቆሮ በሩን ጠይቅ። የትኛውን ቆርቆሮ በር እንደሆነ እግዜር ይወቅ፤ ልጁ ግን አገኘው።

ጫማውን በር ላይ አራግፎ ገባና ኮምፒውተር አልነካም። ይሄ ደስ አለኝ። ቀጥ ብሎ ከፕሪንተሩ ጀርባ ሄዶ ተንበረከከ። የኔትወርክ ኬብሉ የሚሰካበት ቀዳዳ ጎን ለጎን የስንዴ ፍሬ የሚያህሉ ሁለት መብራቶች አሉት፤ አንዷ መስመር ሲኖር ትበራለች፣ ሌላዋ ነገር ሲተላለፍ ብልጭ ድርግም ትላለች። ሁለቱም ጨልመዋል።

«መስመር የለውም» አለ።

«እንዴ፣ መለሰልኝ ስልህ አልሰማህም?» አለች ጸሐፊዋ።

ልጁ ዝም አለ። ጥያቄዋ ልክ ነበር። ኬብሉ ሞቶ ፕሪንተሩ እንዴት ይመልሳል?

ይሄን ይዞ ኬብሉን መከተል ጀመረ። ገመዱ በምንጣፉ ሥር ያልፋል፣ የቦክስ ፋይል መደርደሪያውን በጀርባ ይዞራል፣ ወደ መዝገብ ቤቱ ጥግ ይገባል። ተራኪ ነኝና፣ ከድር ጋር የኖሩት ሸማኔ ክሩ የተበጠሰበትን አገኙት ብላችሁ ደስ ባለኝ። አላገኙትም፤ ጋቢያቸውን ተከናንበው እንቅልፍ ወስዷቸዋል። ልጁ ራሱ ነው መደርደሪያውን ገፋ አድርጎ ያገኘው፤ አቧራ የጠጣች አምስት ቀዳዳ ያላት ትንሽ ስዊች መሬት ላይ ወድቃለች፤ መብራት የላትም፤ ሶኬቷ ከዲቫይደሩ ተነቅሎ አጠገቧ ተጋድሟል። በእሷ ቦታ ውሃ ማፍያ ተሰክቷል።

ቢሮው ሁሉ ወደ ጋሼ ዞረ። ጋሼ ወደ ብርጭቋቸው ዞሩ።

«ጠዋት በጣም ቀዝቅዞ ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «ትንሿ ሣጥን የምን እንደሆነች አላወቅኩም።»

ኮምፒውተሮቹ በዋይፋይ ስለሚሠሩ ስዊቿ መሞቷን ማንም ልብ አላለም፤ በእሷ በኩል የሚኖረው ፕሪንተሩ ብቻ ነው። ልጁ ሶኬቷን መለሰ። መብራቶቿ ተራ በተራ ፈነጠቁ፤ ከፕሪንተሩ ጀርባም ሁለቱ ፍሬዎች በሩ። «ተመስገን!» ተባለ። ጸሐፊዋ ፕሪንት ተጫነች።

ዝም።

አሁን የልጁ ዓይን በራ። ፕሪንተሩ ላይ ያለችውን ቁልፍ ጫን አድርጎ ያዛት፤ ማሽኑ ራሱ ስለ ራሱ የሚናገርበት አንድ ገጽ ታትሞ ወጣ። ያንን ገጽ አይታችሁት ከሆነ ጉንዳን የረገጠው የሚመስል ደቃቅ ጽሑፍ ነው፤ ግን ኑዛዜ ነው፤ ማሽኑ የሚያውቀውን ሁሉ እዚያ ያወጣል። ቁጥሩ 169.254 ብሎ የሚጀምር ቢሆን ኖሮ የሚሰጠው አጥቶ ለራሱ ቁጥር ፈጥሯል ማለት ነበር። እንደዚያ አይልም። 192.168.1.14 ይላል። ግንባሩ ላይ የተለጠፈችው ወረቀት ደግሞ 7 ትላለች።

«ታዲያ 7 ማን ነው?» አለች ጸሐፊዋ።

ልጁ የራውተሩን ገጽ ከፈተና የተገናኙትን ዝርዝር አወጣ። ሁላችንም በትከሻው ላይ ተደረደርን። ከ7 ፊት ለፊት የአንድ ስልክ ስም አለ፤ ሒሳብ ሠራተኛዋ ሰሞኑን የገዛችው፣ ያን ዕለት ጠዋት ለመጀመሪያ ጊዜ ከዋይፋዩ ጋር ያገናኘችው ስልክ። የባዛሩ ደብዳቤ ከጠዋት ጀምሮ ሲላክ የቆየው ወደ ሴትየዋ ቦርሳ ነበር! ብዙ ፕሪንተሮች የሚታተመውን የሚቀበሉት 9100 በሚባል በር ነው፤ ኤችፒ በኔትወርክ ካርዶቹ አስለምዶት የቀረ ቁጥር ነው። ስልክ እንዲህ ያለ በር የለውም። «አለህ?» ሲሉት «አለሁ» ይላል፤ «ደብዳቤ ተቀበል» ሲሉት አይከፍትም።

ነገሩ እንዲህ ነው የሆነው። ቁጥር የሚያድለው ራውተሩ ነው። ማታ መብራት ሲሄድ ለማን ምን እንደሰጠ የያዘው መዝገብ ጠፋ፤ ጠዋት ሲነሳ ሁሉም ባዶ ነው። ፕሪንተሩ መጥቶ «7 የኔ ነበር» እንዳይል በውሃ ማፍያው ምክንያት መስመር የለውም። አዲሱ ስልክ መጣ፤ ቁጥር ጠየቀ፤ 7 ክፍት ስለነበር ተሰጠው። ፕሪንተሩ በኋላ ሲመለስ ቤቱ ተይዞ አገኘውና 14 ገባ። ኮምፒውተሮቹ ይሄን ማን ነግሯቸው? የሚያውቁት የድሮውን ቁጥር ነው። የቤት ቁጥር፦ አዲስ።

ብዙ ጠጋኝ እዚህ ላይ በየኮምፒውተሩ 14 ብሎ ጽፎ፣ ሒሳቡን ተቀብሎ ይሄዳል። መብራት እንደገና ሲሄድ እንደገና ይጠራል፤ ለገበያው መጥፎ አይደለም። ይሄ ልጅ እንደዚያ አላደረገም። ከዚያው ከኑዛዜው ገጽ ላይ ፕሪንተሩ ከፋብሪካ ይዞት የወጣውን፣ 12 ፊደልና አኃዝ የተቀላቀሉበትን መለያ እየጠቀሰ ራውተሩ ላይ ጻፈና 7ን በዚያ መለያ ስም አስመዘገበ። ከዚህ በኋላ መብራት ሄደም መጣ፣ ስልክ ተገዛም ተሸጠ፣ 7 ለሌላ አይሰጥም። ራውተሩንና ፕሪንተሩን አጥፍቶ አበራ።

እስኪነሱ ድረስ ወደ ሒሳብ ሠራተኛዋ ኮምፒውተር ሄደ። የእሷ ሕመም የቆየ ነው። የምታትመው በጸሐፊዋ ኮምፒውተር በኩል ተጋርታ ነበር፤ አንድ ቀን 0x0000011b የሚል ቁጥር ተጽፎ መጣና ተቋረጠ፤ ከዚያ ወዲህ ፍላሽ ይዛ መመላለስ ለመደች። የዚህ ቁጥር ታሪክ ከጉለሌ ይርቃል። በ2013 ዓ.ም. ሰኔ ማብቂያ ላይ፣ በዊንዶውስ ውስጥ የኅትመት ወረፋ በሚያስተናግደው ክፍል በኩል ኮምፒውተርን ሙሉ በሙሉ መጥለፍ እንደሚቻል ታወቀ፤ ተመራማሪዎች ቀዳዳው የተደፈነ መስሏቸው መጥለፊያውን ኮድ ይፋ አድርገውት ነበርና ዓለም ተሯሯጠ። ስሙንም ፕሪንትናይትሜር አሉት። ማይክሮሶፍት በአስቸኳይ መድፈኛ ላከ። ቀጥሎም እኛ የ2014ን እንቁጣጣሽ ባከበርን በአራተኛው ቀን የወጣው ማሻሻያ በሩን ይበልጥ ሲያጠብቅ፣ በሰው ኮምፒውተር በኩል ተጋርቶ ከሚያትመው ብዙው ያቺን ቁጥር እያየ ውጭ ቀረ። በየቢሮው ማሻሻያውን ነቅለው ለመጣል የሞከሩ ብዙ ናቸው፤ ሌባ የገባበትን በር መልሶ መክፈት ነው፣ አይመከርም። ልጁ የጸሐፊዋን ኮምፒውተር ከመሀል አወጣና የሒሳብ ሠራተኛዋን በቀጥታ ከ7 ጋር አገናኛት። «አሁን የሙከራ ገጽ እንልካለን» አለ።

አልላከም። ፕሪንተሩ ቀድሞት ተነሳ።

የረሳችኋቸው ትእዛዞች ትዝ ይሏችኋል? ጠዋት የተጫኑት ሁሉ በየኮምፒውተሩ ወረፋ ይዘው ቆመው ኖሯል። የባዛሩ ደብዳቤ ወጣ። ደግሞ ወጣ። ደግሞ። በመሀል ጎረቤትየው ለመሞከር ብሎ የላከው ረጅም የሥራ ዕቅድ ገባ፤ ከዚያ እንደገና የባዛሩ ደብዳቤ። «አቁመው!» «የቱን ልጫን?» ሽማግሌው ከእንቅልፋቸው ነቅተው ስማቸው የተጻፈበት ወረቀት ሲቆለል ባዩ ጊዜ «ይሄ ሁሉ ለኔ ነው?» አሉ።

«አንዱ ይበቃዎታል አባባ» አለች ጸሐፊዋ። ጋሼ ከተከመረው የላይኛውን አንስተው የወጪ ቁጥር ሰጡት፤ ቀኑን ጻፉበት፤ ማህተሙንም ያለወትሮአቸው በጣም ተጠንቅቀው መቱት። ሽማግሌው መርቀው ወጡ።

የኔ ተራ ደረሰ። ጸሐፊዋ የኔን ደብዳቤ ላከች። ፕሪንተሩ ጉርርር አለ፣ ቆመ፣ ቢጫ መብራት አበራ። ልጁ ጎንበስ ብሎ ትሪውን ሳበ፤ ባዶ ነው። ቁም ሣጥኑ ተከፈተ፤ እዚያም ወረቀት የለም።

«ንብረት ክፍል አለ» አለች፤ ከመሳቢያዋ የዕቃ መጠየቂያውን የሞዴል 20 ጥራዝ አውጥታ በእስክሪብቶ መሙላት ጀመረች። «ግን የሚፈርሙት ኃላፊው ናቸው፤ አሁን ስብሰባ ገብተዋል። ነገ ጠዋት ብቅ ቢሉ አይሻልም?»