ጭብጨባ ጋሻ አይሆንም፦ የናት ኪንግ ኮል ታሪክ

ዛሬ አንድ ጥያቄ ይዤ ቀርቤአለሁ። አንድ ድምፃዊ «እኔ የሙዚቃ ሰው ነኝ፣ ፖለቲካ ውስጥ አልገባም» ቢል ፖለቲካው ይተወዋል ወይ? መልሱን በአሜሪካዊው ናት ኪንግ ኮል ሕይወት ውስጥ እንፈልገው። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ኮል በ1919 በአላባማ ግዛት፣ በሞንትጎመሪ ከተማ ከባፕቲስት ሰባኪ አባት ተወለደ። ያደገው ግን ቺካጎ ነው። መጀመሪያ የታወቀው በጃዝ ፒያኖ ሲሆን፣ ኋላ ያ ለስላሳ ድምፁ ፒያኖውን አስረሳ። በ1942 የተመሠረተው የካፒቶል ሙዚቃ ኩባንያ በእሱ ሸክላዎች ብዙ ገንዘብ ከማግኘቱ የተነሳ «ናት የሠራው ቤት» እስከ መባል ደረሰ።

ሸክላውን የሚገዛው ሁሉ ግን ጎረቤቱ ሊሆን አልፈለገም። በ1948 በሎስ አንጀለስ፣ ሃንኮክ ፓርክ በተባለ የነጮች ሰፈር ቤት ሲገዛ ነዋሪዎቹ የማይፈለግ ሰው እንዲገባባቸው እንደማይሹ ነገሩት። እሱም እኔም አልሻም፣ እንዲህ ያለ ሰው ካየሁ ቀድሜ አቤት የምለው እኔ ነኝ አላቸው። ግቢው ሣር ላይ ስድብ በእሳት ተጻፈ፣ ውሻውም ተመረዘ። ኮል ቤቱን አልለቀቀም።

ኤፕሪል 10 ቀን 1956 በትውልድ ግዛቱ በምትገኘው በርሚንግሃም፣ ለነጮች ብቻ በተዘጋጀ ዝግጅት ላይ ሲዘፍን ዘረኞች መድረክ ላይ ዘለው ወጥተው ከፒያኖ ወንበሩ ጣሉት። ከዚያ ደግሞ ወቀሳው ከገዛ ወገኖቹ መጣ። ለምን ቢባል፣ በእነዚያ ወራት የሞንትጎመሪ ጥቁሮች በዘር የተከፋፈለ አውቶቡስ አንሳፈርም ብለው በእግራቸው ይጓዙ ነበር። የትውልድ ከተማው ሰው ጫማውን ሲጨርስ፣ እሱ በዘር ለተከፋፈለ አዳራሽ መዝፈኑ ብዙዎችን አስቆጣ። ኮል ብዙም ሳይቆይ የጥቁሮች መብት ተሟጋች የሆነው የኤንኤኤሲፒ የዕድሜ ልክ አባል ሆነ።

በዚያው ዓመት ኖቬምበር በኤንቢሲ ቴሌቪዥን የራሱን ሳምንታዊ ዝግጅት ጀመረ። ኤላ ፊትዝጄራልድንና ሃሪ ቤላፎንቴን የመሳሰሉ ከዋክብት እንግዳ ሆነውለታል። ያጣው አገር አቀፍ ስፖንሰር ነበር። ኩባንያዎቹ የደቡብ ነጮች ምርታችንን አይገዙም ብለው ፈሩ። ጣቢያው ወጪውን ችሎ ቢያቆየውም፣ በዲሴምበር 1957 ኮል ራሱ በቃኝ አለ። የማስታወቂያ ሰዎች ጨለማ ይፈራሉ ሲልም በነገር ወጋቸው። እኛ በቴሌቪዥን ሥራ ያለን ሰዎች ይህን እናውቀዋለን፦ ካሜራው ፊት የሚቆመው አንዱ ነው፣ የሚበራበትን ሰዓት የሚወስነው ግን ገንዘቡን የያዘው ነው።

የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ በወጣ በሰባተኛው ወር፣ በፌብሩዋሪ 1965፣ ኮል በሳንባ ካንሰር ሞተ። ገና 45 ዓመቱ ነበር።

ታዲያ ፈሪ ነበር? እኔ አልልም። ስድብ በተጻፈበት ግቢ ልጆቹን ያሳደገ ሰው ፈሪ አይባልም። ነገር ግን የሚያጨበጭብለት ሕዝብ ብዛት ከዱላ አላስጣለውም፣ ዝምታውም ከወቀሳ አልጋረደውም። እናንተም የምትወዱት ድምፃዊ ዝም ሲል ከመርገማችሁ በፊት የተሸከመውን መርምሩ። ድምፃዊውም ዝምታ ያድነኛል ብሎ ከመተማመኑ በፊት ይህን ታሪክ ያንብብ።