ራስ ሁልጊዜ የሚያሸንፉበት ሰንጠረዥ

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚሄድ መንገደኛ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ እንደተጓዘ ወረታ ይደርሳል። እዚያ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ የፎገራን ሜዳ ይዞ ወደ ጎንደር ይቀጥላል። ሌላው ወደ ቀኝ ታጥፎ ሽቅብ ወደ ደብረ ታቦር ይወጣል። ሜዳው ከጣና ዳር ጀምሮ እንደ ጠረጴዛ የተዘረጋ ነው። ክረምት ሲገባ ርብና ጉማራ ሞልተው ያጥለቀልቁታል፤ ሩዙም ከብቱም የሚኖረው በዚሁ ውኃ ነው። ከሜዳው በላይ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ወጣ ብላ የምትገኘው ደብረ ታቦር ደግሞ በዘመነ መሳፍንት የአገሪቱ ፖለቲካ የሚዘወርባት ከተማ ነበረች።

በ1834 ዓ.ም. ጥር ወር መጨረሻ ላይ በዚያች ከተማ አጠገብ ሁለት ጦር ተገናኘ። በአንድ ወገን የየጁው ራስ አሊ፣ በሌላው ወገን የሰሜንና የትግራይ ገዥ ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም። የራስ አሊ ኃይል ፈረሰኛው ነበር፤ የውቤ ደግሞ ነፍጡ። ውቤ ከጎጃሙ ደጃዝማች ብሩ ጎሹ ጋር ተባብረዋል። በቅርቡ ከግብፅ የመጡት አቡነ ሰላማም ከእሳቸው ወገን ቆመዋል። ነፍጡ ፈረሱን ሰበረው። ራስ አሊ ሸሹ። ጦርነቱ አለቀ ተባለ።

አላለቀም ነበር። የውቤ ሰዎች ድል አደረግን ብለው ሲበሉና ሲጠጡ፣ የራስ አሊ ወገን የሆኑት ደጃዝማች ብሩ አሊጋዝ ከነጭፍራቸው ደረሱና አሸናፊውን ማረኳቸው። ሸሽተው የነበሩት ራስ አሊ ተመልሰው በሥልጣናቸው ቀጠሉ። በኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥ ጦርነቱን አሸንፎ ጨዋታውን የተሸነፈ ሰው ቢፈለግ ከውቤ የሚቀድም ጥቂት ነው።

ይህ ታሪክ አንድ አሮጌ ጥያቄ ያነሣል። በስልት ጎበዝ የሚባለው ምን ዓይነት ሰው ነው? ጥያቄው ዛሬ የጦር መሪዎች ብቻ አይደለም። በስልኩ መስኮት ላይ ከማያውቀው ሰው ጋር ጦር የሚያሰልፍ፣ መንደር የሚገነባ፣ ቼዝ የሚጫወት ወጣትም በየቀኑ ይጠይቀዋል። መልሱን ግን ከሩቅ አገር መፈለግ አያስፈልግም። የኢትዮጵያ መኳንንት ለዘመናት የተጫወቱት ሰንጠረዥ ጥያቄውን ከነመልሱ ይዞ ኖሯል።

ሰንጠረዥ በአገራችን ዕድሜው ረጅም ነው። በ16ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ላይ ዐፄ ልብነ ድንግል ቢቺኒ ከሚባል የቬኒስ ሠዓሊ ጋር ይጫወቱ እንደነበር ጣሊያናዊው አሌሳንድሮ ዞርዚ ካሰባሰባቸው የመንገደኞች ቃሎች እንረዳለን። ከዚያ በኋላም የውጭ መንገደኞች በየመኳንንቱ ግቢ አይተውት ጽፈዋል። ሪቻርድ ፓንክረስት እነዚህን ማስረጃዎች ሰብስቦ እ.ኤ.አ. በ1971 በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ላይ ስለ ጨዋታው ታሪክና ሕግ ሰፊ ጽሑፍ አሳትሟል።

ሰሌዳው እንደ ቼዝ ስምንት በስምንት ነው፤ ግን ጥቁርና ነጭ ዳማ የለውም። ብዙ ጊዜ መስመር የተሰመረበት ጨርቅ ነበር። በላዩ ንጉሥ፣ ፈርዝ፣ ፊል፣ ፈረስ፣ ደርና መደቅ ይሰለፋሉ። ፈርዝ የዛሬዋ የቼዝ ንግሥት ቦታ ላይ ቢቆምም በሰያፍ አንዲት ቤት ብቻ የሚራመድ ደካማ ነው። ፊል በሰያፍ ዘሎ ሦስተኛዋ ቤት ላይ ያርፋል። መደቅ እግረኛው ነው።

ሰንጠረዥን ከሌላው ዓለም ቼዝ የሚለየው ግን አጀማመሩ ነው። ተራ የለም። ሁለቱም ተጫዋቾች በአንድ ጊዜ፣ ሳይጠባበቁ፣ የፈለጉትን ያህል ያንቀሳቅሳሉ። ይህ ክፍል ወረራ ይባላል። አንዱ ፈረሱን ሲያወጣ ሌላው አይቶ መደቁን ይገፋል፤ ያኛው ደግሞ ይህን አይቶ ፈረሱን ይመልሳል። የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ይህ ይቀጥላል። ከመጀመሪያው ምት በኋላ ነው ጨዋታው ተራ በተራ የሚሆነው።

ዛሬ በኮምፒውተር የስልት ጨዋታ ያደገ ሰው ይህን ሲሰማ መገረሙ አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስና በ1998 የወጣው ስታርክራፍት ዝናቸው የተመሠረተው በዚሁ ሐሳብ ላይ ነው፦ ተራ መጠበቅ የለም፣ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ይዘጋጃሉ፣ በአንድ ጊዜ ይዘምታሉ። በእነዚህ ጨዋታዎች ጀማሪ ሁሉ የሚቀናው በጣት ፍጥነት ነው። የደቡብ ኮሪያ ባለሙያ ተጫዋቾች በደቂቃ ከ300 ጊዜ በላይ ቁልፍና ማውስ ይነካሉ። ስለዚህ ጀማሪው ፍጥነት ጎበዝ የሚያደርግ ይመስለዋል።

ወረራ የሚያስተምረው ሌላ ነው። ተራ በሌለበት ሰዓት እጁ የፈጠነ ሰው ብዙ ያንቀሳቅሳል፤ ዓይኑ የፈጠነ ሰው ግን የሌላውን እንቅስቃሴ ከንቱ ያደርጋል። ከራሱ ጠጠሮች ላይ ዓይኑን ያልነቀለ ተጫዋች ቆንጆ ሰልፍ ሊሠራ ይችላል። ሰልፉ ግን ለማንም መልስ አይሆንም፤ ምክንያቱም ማዶ ያለው ሰው ምን እያሰበ እንደሆነ አላየም። በኮምፒውተሩ ጨዋታም ካርታው በጨለማ የተሸፈነ ነው። ጎበዞቹ ገና በመጀመሪያው ደቂቃ አንድ ቃፊር ይልካሉ። ከሥራ የተነሣ ያ አንድ ሰው ኪሳራ ነው፤ የሚያመጣው ወሬ ግን ከመቶ ወታደር ይበልጣል። ደብረ ታቦር ላይ የውቤ ድንኳን ያጣው ይህንኑ ነበር። ነፍጥ ነበራቸው፣ ጳጳስ ነበራቸው፣ ድልም ነበራቸው። ብሩ አሊጋዝ ከየት እንደሚመጣ የሚነግር ቃፊር ግን አልነበራቸውም፤ ካለም የሰማው የለም።

ሰንጠረዥ ስለ አሸናፊነትም የራሱ ሥርዓት ነበረው። በደር ወይም በፈረስ ማት ማድረግ እንደ ጥበብ አይቆጠርም። ደር ጉልበተኛ ነው፤ በጉልበተኛ ማሸነፍ ምን ይደንቃል? በፈርዝ ወይም በፊል ማት ያደረገ ይበልጥ ይከበራል። በመደቅ ያደረገ ከሁሉ በላይ ይመሰገናል። ሁሉም ነገር ተበልቶበት ራቁቱን የቀረ ንጉሥን ደግሞ ማት ማለት አይፈቀድም። ሁሉን ጨርሶ ለመብላት የቸኮለ ሰው፣ በገዛ ስግብግብነቱ ድሉን ያጣል ማለት ነው። ጎበዝ ተጫዋች የባላጋራውን አቅም እየቀነሰ፣ ግን መቼ ማቆም እንዳለበትም እያሰበ ይጫወታል።

የዚህን ሥርዓት ትርጉም በእውነተኛ ጦርነት ያሳዩት የውቤ የወንድም ልጅ ናቸው፤ እቴጌ ጣይቱ ብጡል። እቴጌይቱ ሰንጠረዥ ይጫወቱ እንደነበር ይነገራል። በ1888 ዓ.ም. በመቀሌ እንዳ ኢየሱስ ላይ የመሸገውን የሻለቃ ጋሊያኖን ጦር በፊት ለፊት ማጥቃት ብዙ ደም አስከፍሎ ነበር። ምሽጉ የሚጠጣው ውኃ ግን ከቅጥሩ ውጭ ነበር። ጣይቱ ምንጩን አስያዙ። ምሽጉ ከቀናት ጥማት በኋላ በጥር ወር እጁን ሰጠ። ጋሊያኖና ወታደሮቹም በሕይወት እንዲወጡ ተፈቀደላቸው። በደር የተሞከረው ጨዋታ በመደቅ ተቋጨ። አጎታቸው በደብረ ታቦር የሳቱትን፣ ማለትም ከጉልበት በፊት ማየት እንደሚቀድም፣ እሳቸው በመቀሌ ፈጸሙት።

እስካሁን የተባለው ስለ ተጫዋቹ ነው። ሰንጠረዥ ግን ስለ ተመልካቹም የሚለው አለ፤ ከሁሉ የሚከብደውም ይኸው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1805 እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት የትግራዩን ገዥ ራስ ወልደ ሥላሴን በእንጣሎ ጎበኘ። ራስ ሰንጠረዥ ይወዱ ነበር። ሶልት እንደጻፈው ጠጠሮቹ ከዝሆን ጥርስ የተሠሩ፣ ትላልቅና ያልተስተካከሉ ነበሩ፤ ተጫዋቹ የባላጋራውን ጠጠር ሲበላ በኃይል መትቶ ከቦታው ያነሣዋል። ጨዋታው በጫጫታ የተሞላ ነው። በዙሪያው ያለ ሰው ሁሉ፣ ባሮች ሳይቀሩ፣ ሐሳብ ይሰጣሉ፤ እጃቸውን ሰድደው ጠጠር አንሥተው «እንዲህ ቢሄድስ» ብለው ያሳያሉ። ሶልት ይህን ከነገረን በኋላ አንድ ነገር ይጨምራል፦ እነዚሁ ሰዎች በታላቅ ብልሃት ራስ ሁልጊዜ እንዲያሸንፉ ያደርጉ ነበር።

ይህች አንዲት ነጥብ ሰንጠረዡን ሁሉ ትገለብጠዋለች። በአንድ በኩል፣ ባሪያ ለጌታ «ተሳስተዋል» የሚልበት ቦታ ነበረ ማለት ነው። በአደባባይ ያልተፈቀደ ንግግር በጨርቁ ዙሪያ ተፈቅዷል። በሌላ በኩል፣ ያ ሁሉ ጫጫታ የሚያልቀው አስቀድሞ በታወቀ ውጤት ነው። ምክሩ ብዙ ነው፤ እውነቱ ግን የለም። ጠጠር የሚያነሣ እጅ ብዙ ነው፤ ጌታውን «ተበሉ» የሚል አፍ ግን የለም።

ራስ ወልደ ሥላሴ ሞኝ አልነበሩም። እ.ኤ.አ. በ1816 እስኪሞቱ ድረስ ትግራይን አጽንተው የገዙ፣ በዘመናቸው ከሚፈሩት መሳፍንት አንዱ ነበሩ። ነገሩ የሚከብደውም ለዚህ ነው። በጦር ሜዳ እውነተኛ ባላጋራ የገጠመ ብልህ ሰው፣ በገዛ ቤቱ ግን መቼም የማይሸነፍበት ሰሌዳ ተዘርግቶለታል። ሰው ስሕተቱን የሚማረው ሲሸነፍ ነው። የማይሸነፍ ሰው ከጨዋታው ምንም አይማርም፤ ከዚያም ብሶ ያልተማረውን እንደተማረ ያምናል።

የኢንተርኔት ጨዋታ ለወጣቱ የሰጠው ትልቁ ስጦታ ፍጥነት ወይም ውበት አይደለም። ማዶ ያለው ሰው ማን እንደሆንክ አያውቅም። ራስም ሁን ጭሰኛ ግድ የለውም። ጎበዝ ከሆነ ያሸንፍሃል፤ ሲያሸንፍህም ነጥብህ ይወርዳል። በቼዝ ይህን የነጥብ ስሌት የነደፈው የፊዚክስ መምህሩ አርፓድ ኤሎ ነው፤ ዓለም አቀፉ የቼዝ ፌዴሬሽንም እ.ኤ.አ. በ1970 ተቀብሎታል። ስሌቱ ባለሟል አይደለም፤ አያጎነብስም። ከጨዋታው በኋላም ምቶቹ ሁሉ ተመዝግበው ይቀመጣሉ። ጎበዝና ደካማ የሚለዩት እዚህ ላይ ነው። ደካማው ሲሸነፍ ኔትወርኩን ይራገምና ሌላ ጨዋታ ይከፍታል። ጎበዙ የተሸነፈበትን መልሶ ይከፍትና «የት ላይ ነው ያላየሁት?» ይላል። ብዙ ጊዜ መልሱ ከመጀመሪያው ምት በፊት ይገኛል። መጥኖ መደቆስ ቀድሞ ነበር።

በአማራ ክልል ግን ይህ መስኮትም ሁልጊዜ ክፍት አልነበረም። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ቆይቷል። የፎገራም ወጣት ከዓለም ጋር የሚጫወትበት ሰሌዳ ተጠቀለለ። ያኔ አያቶቹ ይጫወቱት የነበረው ሰንጠረዥ በእጁ ቢኖር ጨርቅና ጠጠር ብቻ ይበቃው ነበር። ግን አልነበረም። ሰንጠረዥ ከጣሊያን ወረራ በኋላ ቀስ በቀስ ለዓለም አቀፉ ቼዝ ቦታውን ለቅቆ ዛሬ የሚያውቀው ሰው ጥቂት ነው። ወረራ የሚለው ቃል ራሱ ዛሬ ጨዋታን ለማንም አያስታውስም።

የጠፋው ጨዋታ ብቻ ቢሆን ባላሳሰበ። አብሮ የጠፋው በጨርቁ ዙሪያ ቆሞ ጠጠር የሚያነሣው ተመልካች ነው። ያልጠፋው ደግሞ ራስን ሁልጊዜ የማስሸነፍ ብልሃት ነው። ዛሬም ባለሥልጣን በስብሰባ ላይ ሲናገር ይጨበጨባል። የታጠቀው መሪም ሲናገር ይጨበጨባል። ለእያንዳንዱ ወገን ድሉን የሚያበስር ገጽና ቻናል አለው፤ በማግስቱ ያልተያዘው ከተማ ተይዟል ይባላል፣ የተሸነፈው ጦር ሲያሸንፍ ያድራል። ውቤም ብሩ አሊጋዝ እስኪደርስ ድረስ አሸናፊ ነበሩ። ልዩነቱ፣ በሰንጠረዡ የሚበላው የዝሆን ጥርስ ነው፤ በመሬት ላይ የሚበላው መደቅ የገበሬ ልጅ ነው።

ስለዚህ ጎበዝ ተጫዋች ማነው ለሚለው ጥያቄ ሰንጠረዥ የሚሰጠው መልስ እጅን አይመለከትም። ከራሱ ሰልፍ ይልቅ የማዶውን የሚያይ፣ ድል በደረሰ ሰዓት ቃፊሩን የማይጠራ፣ በደር ከማሸነፍ በመደቅ ማሸነፍን የሚያስቀድም፣ ማቆምንም የሚያውቅ ሰው ነው። ከሁሉ በፊት ግን «ተበሉ» የሚለው ሰው አጠገቡ ያለ፣ ያንንም ሰው ነገም እንዲመጣ የሚያደርግ ነው። በእንጣሎ ግቢ ከነበሩት ባሮች አንዱ እንኳ አንድ ቀን ራስን እስከ ማት አድርሶ ቢያሸንፋቸውና ራስ ስቀው «ድገመው» ቢሉት ኖሮ፣ ሶልት የጻፈልን ስለ ሌላ ዓይነት ግቢ ይሆን ነበር።