ጓያና እርምጃ

ፍኖት በግዕዝ መንገድ ማለት ነው። ከቡሬ እስከ ፍኖተ ሰላም፣ በሊበን ገጠር ሁሉ፣ ሰው ሸክሙን ይዞ ገበያ በእግሩ ይሄዳል። እየሄደ ያወራል፣ ዋጋ ያሰላል። እግሩን ግን «አሁን ቀኙ፣ አሁን ግራው» እያለ አያዘውም። ለመሆኑ አዛዡ ማነው?

በ1911 እ.ኤ.አ. ብሪታኒያዊው ተመራማሪ ቶማስ ግራሃም ብራውን የድመትን ኅብለ ሰረሰር ከአንጎል ለየ፤ ከእግር ስሜት የሚያመጡትንም ነርቮች ቆረጠ። እግሮቹ ግን እየተፈራረቁ የእርምጃ እንቅስቃሴ አሳዩ! የእርምጃው ምት እዚያው ኅብለ ሰረሰር ውስጥ ይፈጠራል ማለት ነው። አንዱ የነርቭ ቡድን ጉልበትን ሲያጥፍ፣ ሌላውን ዝም ያሰኘዋል፤ ቀጥሎ ተራው የዘርጊው ነው። ልክ እንደ ዘፈን አውጪና ተቀባይ። በ1966 እ.ኤ.አ. ደግሞ የሞስኮ ተመራማሪዎች የድመትን መካከለኛ አንጎል በኤሌክትሪክ ሲነኩ ድመቷ ተራመደች፤ ኃይሉን ሲጨምሩት ጋለበች። እንግዲህ ምቱ ከታች፣ «ተነሥ፣ ፍጠን» የሚለው ትእዛዝ ከላይ ነው።

ይኼ ለገበሬያችን ምኑ ነው? ጓያን እናስብ። ጎጃምን ጨምሮ በደጋውና በወይና ደጋው የሚዘራው ይህ ጥራጥሬ ድርቅም ሆነ ውሃ የተኛበት መሬት አይበግረውም። ሌላው እህል ሲጠፋ እሱ ይተርፋል። ውስጡ ግን በ1964 እ.ኤ.አ. ሕንድ አገር ተለይቶ የታወቀው ኦዳፕ የተባለ መርዝ አለ። ለወራት ጓያ ብቻ የበላ ሰው ከአንጎል ወደ እግር ትእዛዝ የሚያወርዱት ነርቮች ይጎዱበታል። አእምሮው ደኅና ነው፣ የእግሩም ስሜት አለ፤ ጡንቻው ግን ይገተራል፣ ጉልበቶቹ ይላተማሉ፣ በጣቱ ጫፍ ይረግጣል። መጀመሪያ ያለ ምርኩዝ፣ ሲብስ በአንድ፣ ከዚያም በሁለት፣ በመጨረሻ በዳዴ። የተጎዳውም ተመልሶ አይድንም።

ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በሽታውን በሰሜንና በመካከለኛው ኢትዮጵያ አጥንተዋል። በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ እ.ኤ.አ. ደግሞ ከድርቅ በኋላ በወሎ ደላንታ ዳውንት በወረርሽኝ መልክ ተነሣ። ብዙው ሰው የጓያው እንፋሎት መታኝ ይላል። እንፋሎቱ ምን አጠፋ? ጥፋቱ የሚበላው ሌላ ነገር አለመኖሩ ነው።

የታሪክ ተማሪዎች ስለ ረሃብ ስንጽፍ የሞቱትን እንቆጥራለን። ከረሃቡ ተርፈው እግራቸውን የከፈሉትንስ ማን ቆጠረ? ጓያን ከሌላ እህል ጋር መቀላቀል፣ ዘፍዝፎ ውሃውን መድፋት አደጋውን ይቀንሳል። ግን የሚቀላቀለው እህል ከየት ይምጣ? እርዳታው ጎተራው ባዶ ከመሆኑ በፊት ካልደረሰ፣ ምክሩ ብቻውን ማንንም አያራምድም።