ክብሪት ለኩሶ ያየው መርማሪ

ባለፈው ሳምንት አንድ የቀድሞ ተማሪዬ አዲስ የከፈተውን ቤት እንዳይለት ጋበዘኝ። ቀን ካፌ፣ ማታ ላውንጅ ነው። ቤቱ ያምራል፣ አልዋሽም። ግድግዳው በሙሉ አረንጓዴ የፕላስቲክ ቅጠል ለብሷል፤ ከጣሪያውም ላይ ሐረግ ተንጠልጥሏል፤ ዲጄው የሚቆምበት ጥግ ደግሞ ድምፅ እንዳያስተጋባ ተብሎ በጥቁር ስፖንጅ ተለብጧል። ማኪያቶዬን እየጠጣሁ "ይሄ ነገር እሳት ቢነካውስ?" አልኩት። ሳቅ ብሎ ላይተር አወጣና አንዷን ቅጠል ለኮሳት። ቅጠሏ ተኮማተረች፣ ጫፏ ቀለጠ፣ ላይተሩን ሲያነሳው እሳቱ ጠፋ።

"አዩ አይደል ቲቸር? አይቃጠልም። የሸጠልኝ ሰውዬ ወረቀትም ሰጥቶኛል።"

እኔ በዚያች ቅጽበት ሐሳቤ ቦስተን ሄደ። ታሪኩን እዚያው ጀምሬለት ነበር፤ ደንበኛ መጣበትና ተቋረጠ። የቀረውን እዚህ እጽፈዋለሁ፤ ምክንያቱም እናንተም ውስጥ ቤት የከፈታችሁ፣ ለመክፈት የምታስቡ፣ ካልሆነም ቅዳሜ ማታ እንዲህ ያለ ቤት የምትገቡ ብዙ ናችሁ። (ካልገለጽኩ በቀር ዓመታቱ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ኮኮናት ግሮቭ በቦስተን ከተማ ስሙ የገነነ የምሽት ክበብ ነበር። ስሙም እንደሚለው፣ ውጪው በረዶ ሆኖ ውስጡ ሞቃት ባሕር ዳርቻ እንዲመስል ነው የተሠራው። በየምሰሶው ሰው ሠራሽ ዘንባባ ቆሟል። ግድግዳው ቆዳ በሚመስል ነገር ተለብጧል። ምድር ቤት ያለችው ቡና ቤት ሜሎዲ ላውንጅ ትባላለች፤ የእሷ ጣሪያ የሌሊት ሰማይ እንዲመስል በጥቁር ሰማያዊ ሳቲን ጨርቅ ተሸፍኗል። መብራቱ ደብዛዛ ነው። ጦርነት ጊዜ ስለሆነ ቤቱ በየሳምንቱ መጨረሻ በወታደርና በመርከበኛ ይሞላል።

ኅዳር 20 ቀን 1942 የከተማው እሳት አደጋ መኮንን የሆነው ሌተናንት ፍራንክ ሊኒ ለምርመራ መጣ። ቤቱን ዞሮ አየ። ከዚያም ክብሪት ለኩሶ ከአንዱ ዘንባባ ቅጠል ሥር ያዘው። ቅጠሉ አልተያያዘም። ሪፖርቱ ላይ ተቀጣጣይ ጌጥ የለም፣ በቂ መውጫ አለ፣ የቤቱ ሁኔታ ጥሩ ነው ብሎ ፈረመ።

ከ8 ቀን በኋላ፣ ቅዳሜ ኅዳር 28 (በእኛ ኅዳር 19 ቀን 1935 ዓ.ም. መሆኑ ነው)፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት ከሩብ ገደማ ሜሎዲ ላውንጅ ውስጥ አንድ ደንበኛ ጨለማ ፈልጎ አጠገቡ ካለው ዘንባባ ላይ አምፖል ይፈታል። አንድ የ16 ዓመት ልጅ፣ የአስተናጋጆቹ ረዳት፣ አምፖሉን መልሰህ አጥብቅ ተባለ። ቀዳዳው አልታየው ስላለ ክብሪት ለኮሰ፣ አምፖሉን አገኘ፣ ክብሪቱን አጠፋ። ወዲያው ሰዎች ከዘንባባው አናት ላይ ብልጭታ አዩ። እሳቱ ከዘንባባው ወደ ሳቲኑ ጣሪያ ዘለለ፤ ከጣሪያው በደረጃው በኩል ወደ ላይ ተሳበ። በ5 ደቂቃ ያህል ጊዜ ውስጥ ክበቡን በሙሉ አዳርሶታል።

ሕጋዊ መጠኑ 460 ሰው ገደማ ነበር። በዚያ ሌሊት ግን ከ1,000 በላይ ሰው እንደነበረበት ይገመታል። ዋናው መግቢያ እየዞረ የሚያስገባ በር ነው፤ ሰዉ ከሁለት በኩል ሲገፋው ተቀርቅሮ ቀረ። ከሜሎዲ ላውንጅ ደረጃ ራስ ላይ ያለው የአደጋ በር ተቆልፎ ነበር። ሌላው በር ወደ ውስጥ ነው የሚከፈተው፤ ሕዝብ ከኋላ እየገፋ ወደ ውስጥ የሚከፈት በር ማን ሊስበው ይችላል? 492 ሰው ሞተ።

ልጁን በተመለከተ፣ ፖሊስ ጣቢያ ራሱ ሄዶ ክብሪት መለኮሱን ተናገረ። ከጥፋቱ ነጻ ተባለ፤ የእሳት አደጋ ኮሚሽነሩም የእሳቱ መነሻ አልታወቀም ብሎ ነው መዝገቡን የዘጋው። እኔ ይሄ ፍርድ ትክክል ይመስለኛል። ክብሪት የሚለኩስ ሰው መቼም አይጠፋም፤ አንድ ክብሪት 492 ሰው የሚገድልበትን ቤት የሠራው ግን ልጁ አይደለም። የክበቡ ባለቤት ባርኒ ዌላንስኪ በዚያች ሌሊት ሆስፒታል ተኝቶ ነበር፤ ቤቱ ውስጥ እንኳ አልነበረም። ቢሆንም ፍርድ ቤት በቸልተኝነት ሰው በመግደል ጥፋተኛ አለው፣ ከ12 እስከ 15 ዓመት ፈረደበት። አራት ዓመት ገደማ ታስሮ በካንሰር ሲያዝ አገረ ገዢው ምሕረት አደረገለት፤ ከወጣ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ሞተ። ምሕረት የሰጠው አገረ ገዢ፣ ሞሪስ ቶቢን፣ ቃጠሎው በደረሰ ጊዜ የቦስተን ከንቲባ የነበረው ሰውዬ ነው። ሌተናንት ሊኒም ተከሶ ነበር፤ በነጻ ተለቀቀ።

(ከጉዳያችን ትንሽ ቢወጣም፦ ኤሪክ ሊንደማን የተባለው የአእምሮ ሐኪም ከዚህ ቃጠሎ የተረፉትንና ሐዘንተኞቹን እያነጋገረ በ1944 ያሳተመው ጽሑፍ ዛሬም ድረስ ስለ ሐዘን የሚያጠኑ ሁሉ የሚያነሡት ነው። ሳይኮሎጂ ያስተማርኳችሁ መስሏችሁ እንዳትሸወዱ፤ አንብቤው ነው።)

አሁን ወደ ክብሪቱ እንመለስ። ሊኒ ዋሽቷል ብዬ አላስብም። ክብሪት ለኮሰ፣ ቅጠሉ እንዳልተያያዘ አየ፣ ያየውን ጻፈ። ችግሩ ፈተናው ላይ ነው። አንድ ትንሽ ነበልባል ቁራጭ ነገር ላይ ሲይዙት ሙቀቱ ወደ አየሩ ያመልጣል። ፕላስቲክ ከሆነ ደግሞ ቀልጦ ከነበልባሉ ይሸሻል፤ የተማሪዬ ቅጠል ያደረገችውም ይህንኑ ነው። ያው ነገር ግን ግድግዳ ሙሉ ሆኖ፣ ጣሪያ ላይ ተዘርግቶ፣ ከሥሩ ወንበርና መጋረጃ እየነደደ ሲሆን ሌላ ነው። ሙቀቱ ጣሪያው ሥር ይጠራቀማል፣ ያልነደደውን ያሞቀዋል፣ ጋዝ ያስወጣዋል፣ ከዚያ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይያያዛል። ምድጃ ያነደደ ሰው ያውቀዋል፤ አንድ እንጨት ለብቻው ይጠፋል፣ ሦስት ሲሆኑ ግን እርስ በርስ ይያያዛሉ።

እንግዲህ የዕቃ ምስክር ወረቀት ታሪክ ማለት ከክብሪት የተሻለ ፈተና የመፈለግ ታሪክ ነው። ቺካጎ ውስጥ በ1894 በዊልያም ሜሪል የተመሠረተ፣ የመድን ድርጅቶች የሚደግፉት አንደርራይተርስ ላቦራቶሪስ የሚባል የፍተሻ ተቋም ነበር፤ ብዙዎቻችሁ በኤሌክትሪክ ዕቃ ላይ ክብ ውስጥ ያለች ምልክቱን አይታችኋል። እዚያ የሚሠራ አልበርት ስታይነር የተባለ መሐንዲስ 25 ጫማ፣ ማለትም ሰባት ሜትር ተኩል ገደማ የሚረዝም ዋሻ መሳይ ሳጥን ሠራ። የሚፈተነው ዕቃ የዋሻው ጣሪያ ይሆናል። በአንዱ ጫፍ የጋዝ ነበልባል ይለቀቅበታል፣ አየር ይነፍስበታል፣ መርማሪው ከጎን ባሉት መስኮቶች እያየ እሳቱ በ10 ደቂቃ ውስጥ ምን ያህል እንደተጓዘ ይመዘግባል። መለኪያው ገራም ነው፦ የአስቤስቶስ ሲሚንቶ ሰሌዳ ዜሮ ተባለ፣ ቀይ ኦክ እንጨት 100 ተባለ፣ ሌላው ሁሉ ከእነዚህ ጋር እየተነጻጸረ ቁጥር ይሰጠዋል። እስከ 25 ያገኘ ኤ፣ እስከ 75 ቢ፣ እስከ 200 ሲ። ጭሱም ይለካል፤ ከ450 ማለፍ የለበትም። ፈተናው በ1940ዎቹ ቅርጽ ይዞ ዛሬም አሜሪካ ውስጥ ሆቴልና ሬስቶራንት ሲሠራ ለግድግዳና ለጣሪያ ልባስ የሚጠየቀው ይኸው ነው።

ከቦስተን በኋላ ሕጉም ተንቀሳቀሰ። ከዚያ በፊት በብዙ ከተማ ሬስቶራንትና የምሽት ክበብ እንደ ቲያትር ቤት "ሕዝብ የሚሰበሰብበት ቦታ" ተብሎ አይቆጠርም ነበር። ከዚያ ወዲህ ተቆጠረ። ተሽከርካሪ በር ያለበት ቤት በጎኑ ወደ ውጪ የሚከፈት በር እንዲኖረው፣ መብራት ሲጠፋ የሚበራ መብራት እንዲኖር፣ የሚቀጣጠል ጌጥ እንዲነሳ ተደረገ።

ግን ዕቃው ራሱ ተቀየረ። የስታይነር ዋሻ የተሠራው እንጨትና የእንጨት ውጤት በነገሠበት ዘመን ነው። ከጦርነቱ በኋላ ስፖንጅ መጣ፤ ሶፋው፣ ፍራሹ፣ ግድግዳው ሁሉ ፖሊዩረቴን ሆነ። አንዳንዱ ፕላስቲክ ዋሻው ውስጥ ሲገባ ቀልጦ ወለሉ ላይ ይንጠባጠባል፤ ጣሪያው ላይ የሚሄድ ነበልባል ስለሌለ ቁጥሩ ዝቅ ብሎ ይወጣል፣ ማለትም "ጎበዝ" ይባላል። አምራቾቹም ያንን ይዘው "አይነድም"፣ "ራሱን በራሱ ያጠፋል" እያሉ መሸጥ ጀመሩ። በ1973 የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ከ20 በላይ አምራቾችን፣ ማኅበራቸውንና ደረጃውን ያወጣውን ድርጅት ጭምር ከሰሰ። በስምምነት ሲያልቅ ቃላቱ ከማስታወቂያ ተነሡ፣ አምራቾቹም ለምርምር 5 ሚሊዮን ዶላር አወጡ።

ደብሊን ውስጥ ደግሞ የካቲት 14 ቀን 1981 ስታርደስት በሚባል ዳንስ ቤት 48 ወጣቶች ሞቱ። ግድግዳው ላይ የተለጠፈው የምንጣፍ ንጣፍ ነበር። ምንጣፍ ወለል ላይ ሲሆን እሳት ቀስ ብሎ ነው የሚሄድበት፤ ግድግዳ ላይ ሲቆም ግን ነበልባሉ በራሱ ላይ ወደ ላይ ይወጣል። የሟቾቹ ቤተሰቦች ዳኞች "ሕገ ወጥ ግድያ ነው" እስኪሉላቸው እስከ ሚያዝያ 2024 ድረስ ጠበቁ። 43 ዓመት!

የመጨረሻው ታሪኬ ከተማሪዬ ጥግ ጋር ይመሳሰላል። ሮድ አይላንድ፣ ዌስት ዋርዊክ፣ ዘ ስቴሽን የሚባል ትንሽ ክበብ። ጎረቤት በጩኸት ስላማረረ ባለቤቶቹ ከበሮው የሚመታበትን ጥግ በስፖንጅ ለበጡት። ድምፅ ለማፈን የተፈተነው ዓይነት አልነበረም፤ የዕቃ ማሸጊያ የሚሆነው ነው። የከተማው መርማሪ ከዚያ በኋላ ቤቱን አይቷል፤ መድረኩ አጠገብ ያለው በር ወደ ውስጥ ስለሚከፈት አስተካክሉ ብሎ ጽፏል፤ ስለ ስፖንጁ ግን አንድም ቃል የለም። የካቲት 20 ቀን 2003 ከምሽቱ 5 ሰዓት አለፍ ሲል ባንዱ ሙዚቃውን በርችት ከፈተ። ብልጭታው ስፖንጁን ያዘው። የቴሌቪዥን ካሜራ ያዥ እዚያው ስለነበር ሁሉም ነገር ተቀርጿል፤ ሰዉ መጀመሪያ የትርዒቱ አካል መስሎት ያጨበጭባል። ከመቶ ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ጥቁሩ ጭስ መድረኩ አካባቢ ያለውን ሰው ዋጠው። 100 ሰው ሞተ፤ ብዙዎቹ በገቡበት በር ለመውጣት ሲጋፉ። በኋላ መንግሥታዊው የደረጃዎች ተቋም ጥጉን በላቦራቶሪ መልሶ ሠርቶ አቃጠለው፣ አንዱን ያለ ስፕሪንክለር፣ አንዱን በስፕሪንክለር። ከጣሪያው ውሃ የተረጨበት ክፍል ሰው ሊቆይበት በሚችል ሁኔታ ላይ ቆየ። ዘ ስቴሽን ግን አሮጌ ቤት ስለነበር ስፕሪንክለር እንዲያስገባ አልተገደደም።

ይህን ሁሉ ለተማሪዬ በስልክ ጨረስኩለት። "እሺ ወረቀቱን ላክልኝ" አልኩት። ፎቶ አንስቶ ላከልኝ። ማኅተም አለው፣ ቁጥር አለው፣ ያምራል። አጉልቼ ሳነበው የወለል ምንጣፍ የፈተና ውጤት ነው። ስለ ቅጠል አይናገርም፣ ስለ ስፖንጅ አይናገርም፣ ግድግዳ ላይ ወይም ጣሪያ ላይ ሲሰቀል ምን እንደሚሆን አይናገርም። ልጁ ዝም አለ። "ቲቸር፣ እኔ እኮ እንግሊዝኛውን አይቼ ማኅተሙን ነው ያመንኩት" አለኝ። አልፈረድኩበትም፤ ስንቶቻችን ነን ማኅተም ካየን በኋላ የምናነብ?

ትናንት ደወለ። ከሐረጉ ሁለት ሜትር ቆርጦ፣ ከቤቱ ራቅ ብሎ ባዶ ሜዳ ላይ በአሮጌ ብረት አልጋ ላይ አንጠልጥለው፣ አሸዋና ውሃ አዘጋጅተው ከሥሩ ለኩሰውት ነበር።

"እና?" አልኩት።

"ውሃውን ለመድፋት እንኳ ጊዜ አልሰጠንም።"

የጣሪያውን እያወረዱት ነው። ስፖንጁም ወርዷል፤ ጎረቤት ስለ ድምፁ መናገር ስለማይቀር አሁን ድምፁን ቀነስ አድርጓል። የግድግዳውን ቅጠል ግን ገና አልወሰነበትም፤ ብዙ ብር አውጥቶበታል፣ የብድሩም ወለድ እየቆጠረ ነው። የኋላውን በር ቁልፍ ያስፈታው በዚያኑ ቀን ነው፤ ከበሩ ኋላ የተከመረውን የቢራ ሳጥንም አስነስቷል። ቅዳሜ እንድመጣ ጋብዞኛል። በየትኛው በር እንደምገባ ነግሬዋለሁ።