የምድጃ ወጪ በአዲስ አበባ፤ ማን ቈጠበ፣ ማን ከፈለ?

«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» የሚለው ተረት በአገራችን እጅግ የታወቀ ነው። የሚነገረውም ስለ ሹም ሽር ወይም ስለ ትዳር ስለ ሆነ፣ ስለ ጉልቻው ስለ ራሱ የሚያስብ ሰው ብዙ አይገኝም። እኛ ግን በዚህ አጭር ጽሑፍ ተረቱን ቃል በቃል ወስደን ልንመረምረው አስበናል። ጉልቻ ቢለወጥ ወጥ አያጣፍጥ ይሆናል፤ ማገዶውንስ ይቀንስ ይሆን? የአዲስ አበባ ሰው ለእሳት የሚያወጣውን ገንዘብ ለመቀነስ ከከተማይቱ መቈርቈር ጀምሮ ምን አደረገ? ወጪው ተቀነሰ በተባለ ጊዜስ በርግጥ ተቀነሰ ወይስ ከአንዱ ጫንቃ ወደ ሌላው ተዛወረ? ጥያቄያችን ይኸው ነው። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ኢትዮጵያ አቈጣጠር ናቸው።

ከተማይቱ የተወለደችው ሙቀት ፍለጋ ነው ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። ንጉሥ ምኒልክ፣ ኋላ ዳግማዊ አፄ ምኒልክ የተባሉት፣ በእንጦጦ ተራራ ላይ በተቀመጡበት ዘመን ስፍራው ለመከላከል የሚመች ምሽግ ነበረ፤ ብርዱና ነፋሱ ግን ከባድ፣ ማገዶውም ሩቅ ነበር። ወይዘሮ ጣይቱና መኳንንቱ ከተራራው ሥር ወዳለው ፍል ውሃ እየወረዱ ይታጠቡ ነበር፤ በዚያ አንድ ፍልጥ ሳይነድ የሚፈላ ውሃ ነበረና። በ1879 ዓ.ም. በዚያው አጠገብ ቤት ተሠራ፤ ስፍራውም አዲስ አበባ ተባለ።

ነገር ግን ፍል ውሃ ገላ ያጥባል እንጂ እንጀራ አይጋግርም። የቤተ መንግሥቱ ግብር፣ የሠራዊቱ ድንኳን፣ የመኳንንቱ ግቢ ሁሉ በየቀኑ እንጨት ይፈልግ ነበር። በጥቂት ዓመታት ውስጥ በዙሪያው ያለው ዛፍ እየተመነጠረ አለቀ፤ እንጨትም ከመናገሻ ድረስ በሰውና በከብት ጀርባ ይመጣ ጀመር። መንገዱ በራቀ ቍጥር የሸክሙ ዋጋ ይጨምራል። በ1893 ዓ.ም. ገደማ ንጉሠ ነገሥቱ ከከተማይቱ በስተ ምዕራብ አዲስ ዓለምን አዲስ መናገሻ ለማድረግ ማሰባቸው ከምንም ይልቅ በዚህ በማገዶ ችግር ምክንያት ነበር። ከተማን ወደ እንጨት ማዛወር የኖረ ልማድ ነበረ፤ ከዚያ በፊት የነበሩት የነገሥታት ሰፈሮች ብዙውን ጊዜ ያደረጉት ይህንኑ ነው።

አዲስ አበባ በስፍራዋ የቀረችው እንጨት ወደ ከተማ ስለ መጣ ነው። በ1880ዎቹ ዓመታት ከአውስትራልያ የተገኘው ባሕር ዛፍ ወደ አገራችን ገባ። ስሙም ከባሕር ማዶ የመጣ መሆኑን ይናገራል። ዛፉ ፈጥኖ ያድጋል፤ ከብት ቅጠሉን አይበላውም፤ በተቈረጠ ጊዜም ከጉቶው መልሶ ያቈጠቍጣል። ንጉሠ ነገሥቱ ችግኙ እንዲከፋፈልና ለሚተክሉ ሰዎች የግብር ምሕረት እንዲደረግ በማድረጋቸው፣ የእንጦጦ ጎንና የከተማይቱ ጓሮ ሁሉ በባሕር ዛፍ ተሸፈነ። በአዲስ ዓለም የተጀመረው ቤተ መንግሥትም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። እንግዲህ በከተማችን የቤትን የእሳት ወጪ የቀነሰው የመጀመሪያው ዘዴ ምድጃ ሳይሆን ችግኝ ነበር ማለት ነው።

ከዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ልብ ማለት ይገባል። ባሕር ዛፍ ማገዶን አቀረበ እንጂ በነጻ አልሰጠም። ዛፉ የሚበቅለው ባለ ርስቱ መሬት ላይ ስለ ሆነ፣ ማገዶ እንደ እህል በገበያ የሚሸጥ ነገር ሆነ። ከዚህም የተነሣ አንዱ ዛፍ በሁለት ተከፈለ። ግንዱ ለቤት ማገርና ፍልጥ ለመግዛት ለሚችል ሰው ሆነ፤ ቅጠሉና ጭራሮው ደግሞ ለደኻው ቤት ምጣድ ሆነ። የድኻ ጓሮ ጢስ ከሀብታም ጓሮ ጢስ በሽታው ይለይ ነበር ሲሉ ሽማግሌዎች ነግረውናል።

የቤት እመቤቶችም ዝም ብለው አልተቀመጡም። ከእናቶቻችንና ከአያቶቻችን እንደ ሰማነው፣ ቍጠባው የሚጀምረው ገና እሳቱ ሳይለኰስ ነበር። ክብሪት እንዳይጠፋ ልጅ ወደ ጎረቤት ተልኮ እሳት ይጭራል። ማታ ፍሙ በዐመድ ይዳፈናል፤ ጧት ረመጡ ተገልጦ ቡና ይፈላበታል። እንጀራ በየቀኑ አይጋገርም፤ ምጣዱን ለማጋል የሚጠፋው እሳት ለአንድም ለሃያም እንጀራ ያው ስለ ሆነ፣ ለሦስትና ለአራት ቀን የሚበቃው ባንድ ጊዜ ይጋገራል። ኩበት ከቅጠል ጋር እየተደባለቀ ይነድዳል። ኋላም የእንጨት መሰንጠቂያ ሲስፋፋ፣ ከመጋዝ ሥር የሚወድቀው ሰጋቱራ በቆርቆሮ ምድጃ ተጠቅጥቆ መንደድ ጀመረ። ይህ ሁሉ በማንም መጽሐፍ ሳይጻፍ ከእናት ወደ ልጅ የተላለፈ የቁጠባ ትምህርት ነው።

ቀጥሎ የመጣው ጋዝ ነው። በሌላ አገር ጋዝ ሲባል በቧንቧ የሚመጣ፣ ቤት የሚያሞቅ ነገር ነው፤ በእኛ ማድ ቤት ግን ቃሉ በመጀመሪያ የተሰጠው በኩራዝና በፋኖስ ለሚነደው ላምባ ነበር። በ1959 ዓ.ም. የአሰብ ነዳጅ ማጣሪያ ሥራ ሲጀምር ነጭ ጋዝና ቡታ ጋዝ በአገር ውስጥ ይገኙ ጀመር። አንድ ኪሎ ቡታ ጋዝ የሚሰጠው ሙቀት አንድ ኪሎ ደረቅ እንጨት ከሚሰጠው ሦስት እጥፍ ያህል ነው፤ ጢስም የለውም፤ ወጡ በበሰለ ጊዜ ወዲያው ይጠፋል። ስለዚህ ባለ ሲሊንደሩ ቤት የዘመናዊ ኑሮ ምልክት ሆነ።

ሆኖም ድፍድፉ ከባሕር ማዶ የሚመጣ ስለ ነበረ፣ ዋጋውም የሚቈረጠው በባሕር ማዶ ነበር። በ1966 ዓ.ም. የዓለም ነዳጅ ዋጋ ሲንር ይህ በግልጽ ታየ። የአሰብ ማጣሪያ በ1989 ዓ.ም. ከተዘጋ ወዲህ ደግሞ የተጣራው ራሱ ከውጭ ይመጣል። በ1990ዎቹ ዓመታት ብዙ የአዲስ አበባ ቤተሰብ ወጡን የሚሠራው በነጭ ጋዝ ነበር፤ ይኸውም መንግሥት ዋጋውን ይደጕም ስለ ነበር ነው። በ2001 ዓ.ም. ድጎማው ሲነሣ ግን ብዙ ቤት ወደ ከሰልና ወደ ኤሌክትሪክ ተመለሰ። ከዚህ የምንማረው፣ በድጎማ የወረደ ወጪ ከቤት እመቤቷ ቦርሳ ወደ መንግሥት ግምጃ ቤት ተዛወረ እንጂ አልቀነሰም፤ በመጨረሻም ተመልሶ ወደ ቦርሳዋ መጣ።

አሁን ወደ ጉልቻው እንመለስ። በሁለተኛ ደረጃ ሳለን የሚሲዮን ትምህርት ቤታችን መምህራን ሙቀት በሦስት መንገድ እንደሚተላለፍ አስተምረውን ነበር። ያን ጊዜ ትምህርቱን በደብተር ጽፈን ለፈተና አጠናነው እንጂ ከማድ ቤት ጋር አላገናኘነውም። በሦስት ጉልቻ ላይ በተቀመጠ ምጣድ ሥር የሚነደው እሳት አብዛኛው ሙቀቱ በጎን ለነፋስ ይሰጣል። የምንገዛው እንጨት ብዙው የሚያሞቀው እንጀራውን ሳይሆን ጓሮውን ነው ማለት ነው።

በ1980ዎቹ ዓመታት ይህን የተረዱ የአገራችን ባለሙያዎች ሁለት ምድጃ አወጡ። አንዱ ላቀች የተባለው የከሰል ምድጃ ነው፤ ውጭው ቆርቆሮ፣ ውስጡ ሸክላ ሲሆን፣ ሸክላው ሙቀቱን ይዞ ወደ ድስቱ ይመልሳል። ከተራው የብረት ምድጃ ጋር ሲነጻጸር ከከሰሉ ሩብ ያህል ያድናል። ሁለተኛው ምርጥ የተባለው የእንጀራ ምድጃ ነው፤ ከሲሚንቶና ከአሸዋ ወይም ከቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ተቀርጾ ምጣዱን ዙሪያውን ይከባል። በስተ ኋላው በሚወጣው ትኩሳት ላይ ድስት ይጣዳል። በፈተና እንደ ታየው ከተከፈተው ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር የእንጨቱን እኩሌታ ያህል ያድናል። ለምሳሌ ያህል በአንድ ጋገራ 8 ኪሎ የሚያነድ ቤት 4 ኪሎ ይበቃዋል ማለት ነው። ተረቱ እዚህ ላይ ይረታል፤ ጉልቻ ሲለወጥ ወጡ ያው ነው፣ ማገዶው ግን ያው አይደለም።

በከሰል ረገድ ግን ጥንቃቄ ያሻል። በልማድ ዘዴ አንድ ኪሎ ከሰል ለማግኘት ከ5 እስከ 10 ኪሎ እንጨት ይጠፋል። ለከተማው ሰው ርካሽ የሚመስለው ከሰል ለጫካው ርካሽ አይደለም። ደግሞም በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ ሙቀት እንዳይወጣ በርና መስኮት ዘግቶ ከሰል አንድዶ መተኛት ሰው የሚገድል ነው፤ በመርዙ ብዙ ቤተሰብ አልቋል። ይህ ቍጠባ ሊባል አይገባውም።

ከሁሉም በላይ ልንዘነጋው የማይገባን ነገር ቀርቶናል። በ1967 ዓ.ም. የገጠርና የከተማ መሬት በአዋጅ የመንግሥት ሲሆን፣ የከተማይቱ ዙሪያ ባሕር ዛፍም ከባለ ርስቶች እጅ ወጣ። የማገዶ ዋጋም በተከታዮቹ ዓመታት ናረ። መንግሥት በውጭ ብድርና እርዳታ አዲስ ደን በእንጦጦና በአካባቢው አስተከለ፤ ዘበኛም አቆመ። የከተማው ማድ ቤት ግን ዘበኛ እስኪፈቅድ አይጠብቅም። ከ30 ኪሎ የሚበልጥ ቅጠልና ጭራሮ በጀርባቸው አዝለው ከእንጦጦ ቁልቁል የሚወርዱት ሴቶች የከተማይቱን ምጣድ ሲያግሉ ኖሩ። በመንገድ ላይ ሸክማቸው ይወሰድባቸው ነበር፤ ይደበደቡና ይንገላቱም ነበር። ለሸክሙ የሚያገኙት ገንዘብ ደግሞ የዕለት ምግብ ብቻ የሚሸፍን ነበር።

እንግዲህ የደኻው ከተሜ ማገዶ ርካሽ የሆነው የእነዚህ ሴቶች ድካም ዋጋ ስላልተቈጠረ ነው። እኛም በልጅነታችን ከቤታችን ደጃፍ ሸክሙን ስንከራከር፣ አምስትና ዐሥር ሳንቲም ስናስቀንስ እናቶቻችን ብልኅ ብለውናል። ዛሬ ይህን ስንጽፍ ያ ብልኅነት ያሳፍረናል። ኋላ ከእነርሱ አንዳንዶቹ በማኅበር ተደራጅተው ሸክሙን በሽመና ለመለወጥ መቻላቸው፣ ሌላ ሥራ ቢያገኙ ኖሮ ተራራውን ባልወጡም ነበር ለሚለው በቂ ማስረጃ ነው።

በመጨረሻ ኤሌክትሪክ አለ። ከአባ ሳሙኤል፣ ኋላም በ1952 ዓ.ም. ከቆቃ የመጣው ኃይል ከፋብሪካ አልፎ ቤት ገባ፤ የኤሌክትሪክ ምጣድም በብዙ ቤት ጉልቻን ተካ። ታሪፉ ለረዥም ዓመታት ሳይነካ ኖሮ በ2011 ዓ.ም. መጨመር ከጀመረ ወዲህ ግን የአያቶቻችን ብልኃት ተመልሶ ተፈላጊ ሆኗል። ለብዙ ቀን የሚበቃውን ባንድ ጊዜ መጋገር፣ አክንባሎውን ሳይከፍቱ መታገሥ፣ የመጨረሻውን እንጀራ መብራቱን አጥፍቶ በቀረው ትኩሳት ማብሰል፤ ይህ ሁሉ ከረመጡ ዘመን የወረስነው ነው።

ከዚህ በላይ ከተገለጸው ሁለት ዐይነት ቅነሳ እንዳለ እንረዳለን። አንዱ ወጪውን ወደ ሌላ ሰው ያዛውራል፤ ድጎማና የሴቶቹ ሸክም እንዲህ ያሉ ናቸው። ሌላው ብክነቱን ራሱን ያጠፋል፤ የተዳፈነው ረመጥ፣ ላቀችና ምርጥ እንዲህ ያሉ ናቸው። የመጀመሪያው ዋጋው ቆይቶ ይጠየቃል፤ ሁለተኛው ግን የማንንም ጀርባ አያጐብጥም። ስለዚህ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን የሆናችሁ ተማሪዎች፣ በዕረፍት ጊዜ ወደየቤታችሁ ስትመለሱ ማድ ቤት ገብታችሁ እሳቱን ተመልከቱ፤ እናቶቻችሁንም ጠይቁ። ማገዶው ስንት እንደ ተገዛ ብቻ ሳይሆን ማን ተሸክሞ እንዳመጣውም ጠይቁ።